ቁም ንባብ

ማራኪ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ቢሮዬ፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት በጠረጴዛዬ
አንዲት የወረቀት ቅርጽ፣ እርጥብ ሳለች
ከድንጋይ ፊት ላይ ተጭነው የቀዷት፣
ባቢክር ሾፌሩ በመተማ መንገድ ጠቅልሎ ያመጣት፣
ጥግ ጥጓን ሻይ የነካት።

ሃያ ሦስት ፊደል ነው የመርዌ ጽሕፈት።
ድምፁ ተደርሶበት፣
ስሙ ተቆጥሮለት፣
እንደ ዳዊት ደጋሚ ምላሴ ይሮጥበታል፤
ቃሉ ግን ደጁን ዘግቶ ውስጥ ይስቃል።
ቃልን ከቃል የሚለይ፣ እንደ እኛው፣ ሁለት ነጥብ አለው፤
ያለ ሙግት የገባኝ እርሱ ብቻ ነው፣ ዝምታው።

ጨርሶም አላጣሁ፦ ውኃን አውቃለሁ፣
እንጀራን አውቃለሁ፣
"ብዙ" የምትል ቃል አንዲት ይዣለሁ።
እዚያ አገር ብወድቅ አልራብም፣ አልጠማም፤
"እግዜር ይስጥልኝ" ማለት ግን አልችልም።

ኮሚቴው በሰኔ በሰኔ ይጠራኛል፤
"ውጤቱስ፣ ዶክተር ትሁኔ?" ይለኛል።
"ውኃ፣" እላለሁ። "እንጀራ።"
ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን ያያል።

ባለፈው ቅዳሜ ቀሐን ተሻግሬ፣
ቅርጿን በነጠላ እንደ ሕፃን አስሬ፣
ከየኔታ ልሳነ ወርቅ ደጅ ደረስሁ።
ዓይናቸው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤
ደቀ መዝሙር ያነብላቸዋል፣ እርሳቸው ያርሙታል።
"አንብቢው" አሉኝ። አነበብሁ።
"ድገሚው" አሉኝ። ደገምሁ።
ሦስተኛው ላይ መቋሚያቸውን መሬት አስነክተው፦

"የሌላው መጽሐፍ ትርጓሜው ይበዛል፤
ላይ ቤት እንዲህ ሲለው፣ ታች ቤት እንዲያ ይላል።
የዚህ ግን፣" ፈገግ አሉ፣ "የዚህስ አንድም የለው።
አትዘኚ። እኔም በስድስት ዓመቴ ዳዊት ስደግመው
ምን እንደምል ሳላውቅ እግዜር ሰምቶኛል፤
አንቺም ቁም ንባብ ደርሰሻል።"

ይህን ሲሉ መብራት ጠፋ። አላወቁም።
ጣታቸው በወረቀቱ ላይ መሄዱን አላቆመም፤
ሄደ፣ ሄደና፣ ከአራተኛው መስመር በላይ ቆመ።
"ይህችስ?"
"ጭረት ናት የኔታ። ድንጋዩ የቆሰለበት።"
"ቁስል እንዲህ ልኩን አያውቅም።"

ስልኬን አብርቼ ብርሃኑን በጎን አስተኛሁት፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ጭረት ያልኋትን አየኋት፦
ፊደል ናት። ደቃቃ። በሁለት መስመር መሃል የተሰቀለች፣
ጸሐፊው ዘሏት ኖሮ፣ ኋላ ትዝ ያለች።

የኔታ ሳቁ። "ግድፈት!" አሉ፣ "ግድፈት! እኛም ቤት
ዘለናት ስንሄድ እንዲህ ነው የምንሰቅላት።"
ከዚያ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦
"መምህሩ ተቆጥቶት ይሆን?"

ሰኞ ሪፖርቴን ጻፍሁ፦ ውኃ፣ እንጀራ፣ ብዙ፤
"በአራተኛው መስመር ላይ ደግሞ አንድ ሰው አለ።
ተሳስቷል። አይቶታል። አርሟል።"
አትሜ ሳየው ከስሜ መሃል ፊደል ጎድላለች።
ድጋሚ አላተምሁትም።
እስክሪብቶ አነሣሁና
ከመስመሩ በላይ "ሁ"ን ሰቀልኋት።