ግማሽ ጎደሎ

ጫማህን በር ላይ ተው። ወንበሩን ሳብ አርገው።
መሪ አይደለም፣ ሙርማን፣ አንቀህ አትያዘው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትሮሊባስ ሲነዱ
ጣቶችህ ተኮማትረው መዘርጋትን ካዱ፤
ይላመዳሉ፣ ግድ የለም።
ፔዳሉም ፍሬን አይደለም፤
አትርገጠው፣ እግርህን አንሣለት፤
ድምፅ እንደ ተሳፋሪ ነው፣ ያውቃል የሚወርድበት።

ዛሬ አራት ድምፅ እናቁም።
ከሲ ነው የምንነሣው፣ ከዶ በስተግራ ካለችው ነጭ ጥርስ፤
ጥቁሩንም ነጩንም ሳትዘል ሦስት ግማሽ እርምጃ ቁጠር፣ ሬ እስክትደርስ።
ከሬ ደግሞ ሦስት፤ ፋ ላይ ታርፋለህ።
እስከዚህ ጠባብ ነው፣ እንደ ሕንፃችን ደረጃ፣ መቼም ታውቀዋለህ፤
የድንች ከረጢት የተሸከመ ከመጣ ግድግዳ ታክከህ ታሳልፋለህ።
ከፋ በኋላ ግን አራት ቁጠር፤ አንዲት ታክል ሰፍታ
ላ ትጠብቅሃለች፣ ከላይ ተቀምጣ፣ መስኮቷን ከፍታ።

አሁን አንድ ላይ ምታቸው።

አያለቅስም፣ አይስቅም። ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው፣
ሊያንኳኳ እጁን አንሥቶ፣ መልሶ ኪሱ የከተተው።

ስሙ ግማሽ ጎደሎ ነው። ሙሉ ጎደሎም አለ፤
ላ በግማሽ ብትወርድ፣ ሦስት ሦስት እየተከፈለ
ሁሉም እኩል ይሆናል፤ ብትገለብጠው ያው ነው፣
እናቴ «አድራሻ ቢስ» ትለው ነበር፤ ሥሩን ማን ሊያውቀው።
ይኼኛው ግን ያቺ አንዲት ሰፊ እርምጃ አለችው፣ እንደ ግንባር ጠባሳ፤
በሷ ትለየዋለህ፣ ቢተኛም ቢነሣ።

እንገልብጥ። ሲን ከሥር አንሣና አናት ላይ አውጣት፦
ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ። ፋን ጠንከር አድርገህ ንካት፣
ዝናብ ሲሆን ትጣበቃለች፤ ክረምቱን ሙሉ አኩርፋ ከረመች፣
እንደ እኔ አርጅታለች።
ሬ ማይነር መሰለህ? አልተሳሳትክም፤ የሬ ማይነር ገበታ ነው፣
ሲ ግን ሳትጠራ መጥታ፣ ወንበር ስባ ጥጉን ያዘችው።
ሬንም አንሣ፦ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ። ፋንም፦ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ።
ከሥር ሲያጉረመርሙ ሰማህ? በሚያዝያ፣ የተራራው በረዶ ቀልጦ፣ ሪዮኒ የኩታይሲን ድልድይ ሲገፋ
እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በል፣ መጽሐፉ አይጽፈውም፦
ሳይገለበጥ፣ እንደ ላና እንደ ሲ የተራራቀ የለም፤
አንዷ ምድር ቤት፣ አንዷ ጣሪያ ሥር።
ስትገለብጠው ግን፣ ሦስቱንም ጊዜ፣ ከላይ ይሁን ከመሐል ይሁን ከሥር፣
ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ይፋተጋሉ። ጆሮህን ቆረቆረህ።
ጣትህን አታንሣ ብዬሃለሁ፤ ይቆርቁርህ።

እኔ በሰው ነገር አልገባም። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤
ከበላዬ አንተ አለህ፤ ከበታቼ ዳሪኮና ድመቷ፤ ከነሱ በታች ቴንጊዝ ነው።
የአባታችሁ የወይን አጥር ለማን እንደሚገባ አላውቅም።
አሥራ አንድ ዓመት በአንድ በር ስትገቡ ስትወጡ እንዴት እንዳልተያያችሁ አልጠይቅም።
ይህን ብቻ ልንገርህ፦ የማሞቂያው ቧንቧ ድምፅ ያወርዳል፤
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ አንተ እዚህ ስትቀመጥ፣ ወንድምህ ሬዲዮኑን ያጠፋል።

ከዚህ ወደ ሚ ይኬዳል፣ ከሚ ወደ ላ ማይነር፣ ወደ ቤት፤
እሱን ግን በሚቀጥለው ሳምንት።
ዛሬ የመጨረሻውን ግልባጭ ድገምልኝ። ላና ሲ ከሥር ተጠግተው፤
ሬና ፋ ከላይ። ቀስ። አዎ፣ እንዲህ። ተው፣ አትልቀቀው፤

ሰማህ?
ቧንቧው ነው። አንዴ ተንኳኳ።
«ዝም በሉ» ይሁን «ድገሙት» እኔ ምን ዐውቃለሁ፤
ከሥር ነው የመጣው።
እጅህን ከጥርሶቹ አታንሣ፣ ሙርማን።
ይስማው።