ሰባት ተኩል

ሰባት ተኩል ሲሆን፣ የምሳው ሳህን ሲነሣ፣
ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትጠብስ በፒያሳ፣
እናቴ ጫማዋን ታወልቃለች፣
መነጽሯን ጨርቅ ላይ ታኖራለች፣
ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ
ትተኛለች፤ ሰዓት እንደማያዛባ
የመንግሥት ሠራተኛ።
እኔ ደግሞ ደጅ ላይ ዘበኛ።

ሰላሳ አንድ ዓመት በቴሌ፣ ኦፕሬተር ነበረች፣
ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ እጇ ላይ ገመድ፤
«ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ» እያለች
ደሴን ከድሬዳዋ፣ ባልን ከሚስት፣ ዘመድን ከዘመድ።
የጋራዡን፣ የሐኪሙን፣ የአንድ ኮሎኔል ቅምጥ ቁጥር፣
ባለ አምስት አሃዙን ሁሉ፣ ዛሬም ሳትደናገር
ትነግርሃለች። ስልኩ ግን የለም። ቤቱም ፈርሷል።
የሚያነሣው ሰው መቃብር ሳር ለብሷል።

ልጅ ሆኖ የማይፈራ አለ? እኔስ ፈራሁ።
በራዲዮ አንድ ሐኪም ሲናገር ሰማሁ፦
«አጭሩ ሸለብታ አእምሮን ይስላል፤
የረዘመው ግን፣ አንዳንዴ፣ ሌላ ነገር ይላል።»
ስንት ነው አጭር? ስንት ነው ረዥም? አልጠየቀውም ጋዜጠኛው።
እኔው ስልኬን ይዤ ደቂቃ ለቀማ ገባሁ፣ እንደ ሞኛው።
ሰኞ ሃያ አምስት። ማክሰኞ አርባ።
ሐሙስ አንድ ሰዓት ከሩብ፤ ሆዴ ባባ።

ይዣት ሄድኩ፣ አራት ኪሎ፣ አንድ ክሊኒክ፤
ቀጠሮው፣ የኔ ነገር፣ ሰባት ተኩል ላይ ልክ።
ሐኪሟ ልጅ እግር፣ ትሁት፣ ብዕሯን ከፍታ፦
«እማማ እታፈራሁ፣ ሦስት ቃል ይያዙልኝ ለአፍታ።
ድልድይ። ሎሚ። መቀስ።
አሁን ደግሞ ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እንቀንስ።»
«ዘጠና ሦስት» አለች። «ሰማንያ ስድስት።» ቆመች።
መጋረጃውን አየች፤ የገዛ ጣቷን አየች።
«ሰባ... ሰባ...» ዓይኗ ከበደ።
ከቃሎቹም ሎሚ ብቻ ቀረ፤ ሌላው ነጎደ።
ሐኪሟ ረዘም ያለ ነገር ጻፈች።
እናቴ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ከፈተች።

ታክሲ ውስጥ፣ መስኮት ጥግ፣ ገና ሳንነሣ
አንገቷ ዘንበል አለ። «የሞላ ፒያሳ! ፒያሳ!»
ረዳቱ ይጮሃል፤ ክላክስ፣ የቁፋሮ አቧራ፤
ከንፈሯ ይላወሳል፤ ከማን ጋር ይሆን የምታወራ?
መንገዱ ተዘግቶ ቆምን፤ ሃያ ደቂቃ ያህል።
የዘጋውን ሰው፣ ለዛሬ ብቻ፣ እግዜር ይክፈለው ልበል።
ከዚያ ነቃች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣
«ሰባ ዘጠኝ፣» አለች፤ «ሰባ ሁለት፣ ስድሳ አምስት፣» ቀጥላ፤
«ሰባ ዘጠኝማ ዕድሜዬ አይደል? እንዴት ይጠፋኛል!
ድልድይና መቀስም ነበር። ያቺ ልጅ ምን ትለኛል?
ደውልላት።» ወደ ረዳቱም ዞራ ቆጣ አለችበት፦
«መልሱ አሥር ብር ጎድላለች፣ አንተ ልጅ፣ ቁጠራት!»

ሳቅኩ። ታክሲው ሁሉ ሳቀ። ነገሩ እዚህ ቢያልቅ
ጥሩ ጨዋታ ይሆን ነበር፤ እኔም ባልጠይቅ።

ግን ትናንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛች።
ስትነሣ፣ «ነጋ እንዴ?» አለች።
«ደምሰው» ብላ ጠራችኝ፤ የአባቴ ስም ነው፤ አላረምኳት።
«አቤት» አልኩ። ውኃ ሰጠኋት።
ቀስ ብላ ተመለሰች፤ መጀመሪያ መስኮቱ፣ ከዚያ እኔ፦
«አንተ ነህ እንዴ፣ ወንድወሰኔ?»

ዛሬም ሰባት ተኩል ነው። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩ፣
ደቂቃ መቁጠሩን ትቼ፣ ሶፋው አጠገብ ተቀመጥኩ።
ውጭ ግሬደር ያጓራል፤ የጎረቤት ግንብ ይናዳል፤
የእሷ ትንፋሽ ይመጣል፣ ይሄዳል።
ከንፈሯ ተላወሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።
«ይጠብቁ፣» አለች፤ «አገናኛለሁ።»

ማንን ከማን እንደሁ አላወቅሁ።
መስመሩን ይዤ
ጠበቅሁ።