አሥራ አንድ እና አሥራ ስድስት

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍት የለ፣ ውሃ የለ፤
ገመቹ ደላላው ደረጃውን እንደ ፍየል ዘለለ።
«ስቱዲዮ ናት፤ ትንሽ ጠበብ ትላለች፤
አንተ ካለህ ግን» አለኝ «ትሰፋለች።»

ሁለት ሌንስ ይዣለሁ።
አሥራ ስድስቱ የራሴ ነው፣ በእቁብ ብር የገዛሁት፣
ስንት ሙሽራ፣ ስንት ምርቃት በሱ ዓይን ያየሁት፤
ጫፉ ተቧጭሯል፤ ይሁን፣ አመሉን ለምጄዋለሁ።
አሥራ አንዱ የምንተስኖት ነው፣ እስከ ማታ የተዋስኩት፤
ፊቱ እንደ እንቁላል ያበጠ፣ ማጣሪያ የማይገባለት፣
ከገዛ ጣቴ እየሸሸግሁ፣ እንደ አራስ ልጅ ያቀፍኩት።
ሲሰጠኝ መክሮኛል፦ «ቀጥ አድርገህ ያዘው፤
ትንሽ ካዘነበልክ ሕንፃውን ሁሉ ነው የምትጥለው።»

መጀመሪያ በራሴው። ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ፣
ትንፋሼን ውጬ፣ ክርኔን ከጎኔ አጥፌ
ባነሳ ባነሳ፣ የመስኮቱ ግማሽ ይቀራል፤
ግድግዳው ግን ቀጥ ብሎ ልኩን ይናገራል።
ገመቹ በትከሻዬ አጮለቀ፤
«ቤት ነው ሣጥን?» ብሎ ሳቀ።

አሥራ አንዱን ገጠምኩ።
ወለሉ ሸሸ፤ ጣራው ወደ ላይ አፈገፈገ፤
ከመስኮቱ ማዶ የነበረው የረር
እንደ ጠጠር አነሰና ጥግ ፈለገ፤
ሦስት እርምጃ የማይሞላው ወጥ ቤት
ሠርግ የሚያበላ መሰለ።
«እሰይ!» አለ ገመቹ፣ «ቤት እንዲህ ነው እንጂ!» አለ።

ጥጉ ላይ ግን ሰው ነበር።
ዘውድነሽ፣ ልትጠርግ የመጣችው፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች፤
በአሥራ ስድስቱ ከነጭራሹ ያልገባች፣
በአሥራ አንዱ ገባች፤ ግን እንደ ሰም ተስባ ቀለጠች።
ክንዷ ክንድ ከስንዝር፣
ጉንጯ ወደ ግድግዳው ሲፈስ።
«ይቅርታ» አልኳት፣ «ይሄ ሌንስ
ለመሃሉ ይራራል፤ ጠርዝ ላይ የቆመውን ይጎትታል።»
አጎንብሳ ስክሪኑን አየች፤ አልከፋትም።
«ሌንሱ ምን አደረገ? ከመሃል ከተማ ወደዚህ
ስንመጣ ነው እንዲህ የረዘምነው፤
የድሮ ጎረቤት ለቅሶ ለመድረስ እንኳ
ሁለት ታክሲ፣ አንድ ባስ ነው።»

ማታ ሌንሱን መለስኩ፤ የኔው ዝም ብሎ ከቦርሳው አደረ፤
ገመቹ ግን የሚወደውን መርጦ ለጥፎት ነበረ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሰው ደወለ፤
ድምፁ ትሁት፣ መምህር ሳይሆን አይቀርም።
«ቤቱን ተከራይቼዋለሁ» አለ፤
«ቁልፍ ተረክቤ ገባሁ፤ አልጋዬ ደጅ ቀረ እንጂ።
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣
ፎቶው ላይ የነበረው ያ ሌላው ክፍል
በየት በኩል ነው የሚገባው?»