ኬላ

ፍራይበርግ፣ ኅዳር ነው። መስኮቱ አልቦታል፤
ፓምፑ እንደ ጃጀ ድመት ያንኮራፋል።
ከላይ የግራውባኽ ውሃ፣ ከታች ባዶ ጠርሙስ፣
መሐል የኔ ጨሌ፣ እስከ ቧንቧው አፍ ድረስ።

ጨሌ አልኩት እንጂ ፖሊመር ነው ስሙ፤
ሸርጣን ነበር ፊት፣ ባሕር ነበር ቀዬው፣ ማዕበል ነበር ሕልሙ።
ከኩክስሃፈን ወደብ በጆንያ መጣ፣
ሥጋው ተበልቶ አልቆ፣ ቅርፊቱ ለቆሻሻ ዕጣ።
አሲድ አጠበው፣ ሶዳ ቀቀለው፤
አሁን ሰንሰለት ነው፣ በየቀለበቱ አንዳንድ እጅ ያለው።

ኬላ ነው በአጭሩ። ውሃን «እለፍ» ይላል፤
ሶዲየም ሰላም ብሎት፣ ካልሲየም ሳያየው ያልፋል፤
እርሳስ ሲደርስ ግን «ና ወዲህ! ጓዝህን ፍታ!»
ካድሚየም ተሰልፏል ከኋላው፣ በዝምታ።

ሐሙስ ሐሙስ ሎታር ቫይኸልት ይመጣል፣
በላስቲክ ከረጢት አምስት ጠርሙስ ይዟል።
ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፤ ዐሥራ ሁለቱን ጉድጓድ የበላበት፤
ሳሉ አሁንም ድንጋይ አለበት።
ጉድጓዱ ተዘጋ፣ ፓምፑም ተነቀለ፣
ውሃው ጓዳ ጓዳውን እየላሰ ወጥቶ ወንዝ ተቀላቀለ።

«ብሩ» ይላል ሎታር፣ «ድሬስደን ሄደ፤
ሳህን ሆነ፣ ማንኪያ ሆነ፣ ከጌቶች ጋር ለመደ።
እርሳሱን ማን ይፈልጋል? እዚሁ ቀረ፣
እንደ ድሃ ዘመድ ከኛ ጋር ኖረ።»

ከዚያ ስለ ሄንሪከ ያወራል። የልጁ ልጅ ናት፣ ስድስት ዓመቷ።
«ሰላጣ መትከል ክልክል ነው» ይላል ምልክቱ፣ ከጓሮው ደጅ፣ በቁመቷ።
አበባ ይፈቀዳል። አበባ አይበላማ።
ወንዙን ያየ ሰው ግን ብርጭቆ ይመስለዋል፤ ጠጠሩ ይቆጠራል፤
ከንቲባው በየበጋው ጫማውን አውልቆ ፎቶ ይነሣበታል።

«በኔ ቋንቋ» አልኩት፣ «እርሳስ ሁለት ነው፤
አንዱ ልጅ የሚጽፍበት፣ ሌላው ልጅ የሚያፈዘው።»
ሳቀ። ከደረት ኪሱ አጭር እርሳስ መዘዘ፣
ጫፉን እንደ ልማዱ በምላሱ አርጥቦ ያዘ፦
«በኛም ስሙ ያው ነው። ስም ግን ይዋሻል።
ይሄ ሆዱ የከሰል ዘመድ ነው።
እርሳስ የሌለበት እርሳስ ይባላል፣
እርሳስ ያለበት ግን ውሃ ይባላል።»

በአርባ አንደኛው ቀን ማሽኑ ቁጥር ተፋ።
ትናንት ዜሮ ነበር። ዛሬ ሦስት። በማግስቱ ሃያ።
ሌባ አልገባም። ጉቦ አልተበላ።
እጅ ሁሉ ተይዞ ነው፤ ኬላው ሞላ።

በአሲድ አጠብኩት። እጆቹ ተፈቱ።
ስድስት መቶ ሊትር ወንዝ ነበር፤ ከወንዙ የቀረው
ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ ብልቃጥ የሚይዘው።
መዝገቤ ላይ ጻፍኩ፦ «ተወገደ።»
ሎታር ብልቃጡን ወደ መብራቱ አስጠግቶ
«የት ሄደ?»

መልስ ነበረኝ፦ በርሜል፣ ማኅተም፣ በወሩ መጨረሻ የሚመጣ መኪና፣
ከዚያ የጨው ዋሻ፣ ሰባት መቶ ሜትር ወደ ታች...
«ጉድጓድ ነዋ» አለ። «እኛ ከጉድጓድ አወጣነው፣ እናንተ ወደ ጉድጓድ።»
አልተቆጣም። ሂሳብ እንደሚዘጋ ሰው ነው የተናገረው።
ቀኑን ጻፈበት፣ ስሙን ጻፈበት፣ በዚያችው እርሳስ፤
ቀለምን አሲድ ያጠፋዋል፤ ያቺ ግን አትርስ፣ አትፈርስ።

ጨሌዎቹን ቧንቧው ውስጥ መለስኳቸው፣ ባዶ እጃቸውን፣ ለሥራ ዝግጁ።
ሐሙስ መጣ። አምስት ጠርሙስ። አንድ ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ የሚሸት፣ በእጁ።
የሸርጣን ቅርፊት ነው። «ሄንሪከ ትናንት ልደቷ ነበር» አለ፣
«በልታ የተረፈው። ይሄም እጅ አለው፣ አይደለ?»