ሴይቼንቶ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ደሴ ፒያሳ ላይ፣
በዓይኑ ብቻ የሚለካ፣ የአላፊውን ትከሻ ሲያይ።
መኪናም የገዛው እንደዚያው ነው፣ በዓይኑ፣
ሞተር ሳይነሳ፣ ሳይጠየቅ ዘመኑ።

«እስቲ ቅዷን ተመልከቺ» አለኝ፣ ኮፈኗን እየዳሰሰ፣
«ከመብራቷ የተነሳው መስመር፣ ኋላ ድረስ ሳይሰበር የፈሰሰ።
ይህን የቆረጠው መቀስ እጄ ቢገባ ኖሮ፣
ሱሪ በማሳጠር አያልቅም ነበር ኑሮ።»

ቀይ ሴይቼንቶ ናት። ቀይ ስል ደግሞ ያንን ቀይ፣
ጉም ደሴን ሲውጣት እንኳ ከሸዋ በር የሚታይ።

ሙሄ መካኒኩ ዞራት፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤
ጎንበስ አለ፣ ከሥር አየ፣ ከዚያ አየ ወደ አባቴ።
«አሊጋዝ፣» አለው፣ «ለወሎ ሰው ቁንጅና አላስተምርም፤
ዓይንህ አልዋሸም። ካንዴላዋ ግን ክረምቱን አይከርምም።»

አልከረመም።
ሐምሌ ላይ ካንዴላው፣ ነሐሴ ላይ ሞተሪኖው፣
መስከረም ሲጠባ ቺንጊያው ሄደ ተበጥሶ፤
አባቴ ከካኪ ጨርቅ ሌላ ሰፋላት፣ ሌሊቱን ጨርሶ።
(እስከ ጢጣ አደረሰችን።)

ሐረጎን ለማያውቅ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ፣
ከጠረጴዛ የወደቀ ሜትር ነው፣ ተጠማዞ መንገዱ።
«መንገዱም የጣልያን ሥራ፣ መኪናዋም የጣልያን ልጅ፣»
ይል ነበር ሙሄ፣ «ዘመድ ከዘመድ ተጣልቶ፣ አስታራቂ ጠፋ ወዳጅ!»

ዳገቱን ስንመለስ ነው፣ አንድ ቅዳሜ፣
ከኋላ ወንበር፣ በጨርቅ ጥቅል መሐል እኔ ቆሜ፣ ተቀምጬ፣ ቆሜ፤
ውሃዋ ፈላ። ተነፈሰች። ቆመች።
የአቶ ተገኝ ኮሮላ በጎናችን ሽቅብ አለፈች፣
የታጠቡበት ሳሙና መስላ፣ ግራጫ፣ ዝምተኛ፤
እጁን አወዛወዘልን፣ ፍጥነት ሳይቀንስ ለእኛ።
እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ተመኘሁ ኮሮላዋን፤
አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ጠላሁ የእኛዋን።

አባቴ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረገና፣
እጁን በመሐረብ ጠርጎ፣ ራቅ ብሎ አያት እንደገና።
«ቆማ እንኳ፣» አለ፣ «እስቲ እያት፣ ቆማ እንኳ!»

ከታች ቦርከና፣ የኮምቦልቻ ቆርቆሮ እንደ ዓሣ ቅርፊት ሲያበራ፤
ሰው መጣ። በዚያ ጥምዝ ላይ ሰውን ማን ጠራ?
ሁለት ከሰል ጫኝ፣ አንድ ደረሳ፣ የጭነት መኪና ረዳት፣
«አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ገፏት፣ ምጥ እንደያዛት።

ለኮሮላ አይዞሽ ያለ ሰው አላየሁም እስከ ዛሬ።
ይህ ግን አሁን ነው የገባኝ፤ ያኔ ፊቴን ደብቄ ነበር፣ አፍሬ።

አሁን እኔ በቪትዝ ነው ለሥራ ኮምቦልቻ የምመላለሰው፤
ቁልፍ ስጠመዝዝ ትነሳለች። ስለ እሷ የጠየቀኝ የለም፣ አንድ ሰው።
ሐረጎን በቀን ሁለቴ አልፋለሁ፤ ወርጄ አላየሁትም።

ሴይቼንቶዋ ግቢ ናት። ሙሽሮች ይመጣሉ፣
ሚዜዎች እስከ በሩ ገፍተው፣ ተደግፈዋት ፎቶ ይነሳሉ።
ሙሄ አርጅቷል፤ ቢሆንም በወር አንዴ ብቅ ይላል፣
ኮፈኗን ከፍቶ አንዳች ይነካካል፣ አንዳች ያጠብቃል፤
ገንዘብ ስዘረጋለት፣ «ልጄ፣ ይህ ለቅሶ መድረስ ነው» ይላል።

የአባቴን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ጠዋት ወጥቶ በመዳፉ፣
መስመሯን ይከተላል፣ ከመብራቷ እስከ ጫፉ፤
ዝገት የበላት ቦታ ሲደርስ ጣቱ ትንሽ ያመነታል፣
እንደ ሳተ ስፌት ዘሎት፣ ማዶ ካለው ይቀጥላል።

«አሁንም ቀይ ናት?» አለኝ ትናንት።

ቀለሟን ፀሐይ ጠጥቶታል። የሸክላ ስባሪ መስላለች።
«ከሸዋ በር ትታያለች» አልኩት።

ጉም ወርዶ ነበር፤
ከበረንዳው ሆኜ
እኔ ራሴ የማያት በግምት ነበር።