ጥያቄ አሥራ አራት

አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ዳካ፣ ከመስኮት ሥር፣
መህጃቢን ዓመቱን ዓለምን ስትቆጥር፦
ከመቶ ሺህ እናት ስንቷ እንደምትሞት፣
በስንት ሳንቲም ክትባት ስንት ዕድሜ እንደሚገዙበት፣
አማካይ፣ ልይይት፣ የመተማመን ወሰን...
ሁሉንም አለፈች።

የቀራት መመረቂያ ጽሑፍ፤ ወረደች ወደ ደቡብ፣
በአውቶቡስ፣ በጀልባ፣ ከዚያ በእግር በጭቃው ግድብ፣
ሁለት መቶ ቅጽ በላስቲክ ጠቅልላ፣
የደም ግፊት መለኪያ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ።

ሳትኪራ፣ ወንዙ ከባሕር ጋር የመከረበት፣
የሩዙ ማሳ ዛሬ ሽሪምፕ የሚዋኝበት፣
አኖዋራ በሯ ላይ ምንጣፍ ዘረጋች፤
የሰባት ወር ሆዷን ደግፋ ተቀመጠች።

ለካቻት። ደግማ ለካቻት።
መቶ ስድሳ። ቁጥሩ አስደነገጣት።
ፊቷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ቅጹ ዞረች፣
ጥያቄ አሥራ አራትን ለስለስ አድርጋ አነበበች፦

"በቀን ወጥሽ ላይ የምትጨምሪው ጨው
በሻይ ማንኪያ ሲለካ፣ እህቴ፣ ስንት ነው?"

አኖዋራ ሳቀች፤ አማቷም ከውስጥ ሳቀች፤
ዶሮዎቹ ደነገጡ። ሳቋን ዋጥ አድርጋ መለሰች፦

"ጨው ከገዛሁማ ሦስት ዓመት አለፈኝ፤
ውሃው ራሱ እኮ ነው ጨው የሚያበላኝ።
ሩዙን በሱ እቀቅላለሁ፣ ልጄን በሱ አጥባለሁ፣
ሲጠማኝ እሱኑ ጠጥቼ እጠማለሁ።
ማንኪያሽን ሌላ ቤት ውሰጂው፣ የኔ እናት፤
የኔ ጨው በእንስራ ነው፣ በቀን ሁለት፣ ሦስት።"

በእኔ ቋንቋ ጨውን እንለምነዋለን፣
"ለራስህ ስትል ጣፍጥ" ብለን እንመክረዋለን።
እዚያ ለማኝ የለውም፤ ሳይጠሩት መጥቶ፣
ጉድጓዱን፣ ኩሬውን አዳርሶ፣ ደም ሥር ገብቶ፣
ገና ያልተወለደው ሳይቀር ቀምሶታል።

የመህጃቢን እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ፤
አራት ሣጥን አለ፤ ለእንስራ የሚሆን አልነበረ።
"ዜሮ" የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።
እውነት ነው። ውሸትም ነው። እያወቀች ጻፈች።

ለእንግዳ ውሃ መጣ፣ በታጠበ ብርጭቆ።
የታሸገው ውሃዋ ቦርሳዋ ውስጥ ተደብቆ
ከበዳት። የቀረበላትን ጠጣች፣ እስከ ታች፤
ጀልባው ጋ እስክትደርስ ከንፈሯን ላሰች።

ዶክተር ቃምሩል መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፦
"ዜሮ ማንኪያ፣ ግፊት መቶ ስድሳ? ስሕተት ነው፤ ይጥፋ።"
"ሠላሳ አንድ ቤት ይጠፋል፣ ዶክተር።"
እሱ ዝም። ማቀዝቀዣው ብቻ ሲያንጎራጉር።

"ጥያቄውን እንደ አዲስ ጻፊው፤ ተመለሺ" አላት፤
እስከ መስከረም ድረስ ጊዜ ሰጣት።
ለአኖዋራ ግን ሐምሌ ነው ቀን የተቆረጠላት።