ሠላሳ ሚሊ ሜትር

ከመስኮቱ በታች በረዶው ተቆልሎ
ታውኖ ጋራዥ ገባ ጎማ አንከባልሎ።
ገና የካቲት ነው፤ ኮኮላ ላይ ባሕሩ
እንደ ጠረጴዛ ረግቶ ከነዳሩ፣
ሰው ዓሣ ያጠምዳል በረዶ ሰርስሮ፤
የኔው ጎማ ገዛ ጡረታውን ቆጥሮ።

«መቶ ሃምሳው ይውጣ፣ መቶ ሰማንያ ይግባ፣
የሞተሬ ዳሌ ለዓይን እንዲገባ።»
«ከኋላ ማን ያያል?» ብዬ ጠየቅኩት።
«ቀድሜው ያለፍኩት።»

ሠላሳ ሚሊ ሜትር፣ የሁለት ጣት ስፋት፤
ለሁለት ጣት ብሎ የሦስት ወራት ልፋት!

ክሪኩን አስገባ፣ ቡሎኖች ጮኹበት፤
ዝገት እንደ ቀረፋ ጢሙ ላይ ረገፈበት።
ፓራፋንጎ ፈታ፣ ቺንጋውን አላላ፣
ቸርኬውን አወጣ ጎትቶ ወደ ኋላ።

አሮጌውን ጎማ በመዳፌ ዳበስኩት፦
መሀሉ ተላጭቷል፣ ፀጉር አለው ጠርዙ፤
አገራችን ሜዳ፣ አናውቅም ኩርባ ብዙ።
ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ቀጥ ብለን ሄደናል፤
እኔ ከጀርባው ሆኜ
የጃኬቱን ስፌት ሸምድጄዋለሁ።

«ኢርሜሊ፣ አምፑሉን ያዢልኝ» አለ።
አዲሱ ገብቷል። ጠቦታል፣
እንደ ዐምና የሠርግ ልብስ።
ጎማና ቺንጋ ተጠጋግተው
ሐሜት የያዙ ይመስላሉ።
«ያልፋል» አለ። «አየር ይገባል፤ ይበቃል።»

እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት
ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ
ውፍረት ስለካ ነው ያረጀሁት።
ዓይን ይሸነገላል፤ ጣት አይሸነገልም።
ከቤት የማተሚያ ወረቀት አመጣሁ፤
አንድ ከተትኩ፣ ሁለት፣ ዐሥር፣
በሠላሳ ሰባተኛው ተቀረቀረ።
«ሦስት ነጥብ ሰባት» አልኩት፣
«ያውም ቆሞ፣ ያውም በዚህ ብርድ።
ጎማ ሲሮጥ ያብጣል፤
ሰውስ ሲያሞግሱት ያው አይደል?»

ዝም አለ።
ባሎች ዝም ሲሉ ዳዶ ይፈታሉ።

ሮንዴላ ጨመረ፣ ሊማውን አነሣ፤
የሁለት ቡሎን ራስ ከረከመ።
ወደ ቀኝ ቢገፋው ከመስመሩ ወጣ፣
ወደ ግራ ሲመልስ ቺንጋው ተቆጣ።
ጎረቤታችን ቬሳ በሩ ላይ ቆሞ
ለረጅም ጊዜ አየ፤
«ሌላ ሞተር አይገዛም?» አለ፣ ለኔ ነው ያለው፤
በረዶውን ከቦቲው አራግፎ ሄደ።

ግንቦት ላይ አስፋልቱ ተገለጠ፣
የክረምት ጠጠሩ እንደተበተነ።
ወደ ካላዮኪ ወጣን። ቀጥታው ላይ፣ እውነቱን ልናገር፣
ሶፋ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ተመቸኝ፤
ታውኖም ከትከሻው አወቅኩት፣ ሰፍቷል።

ከድልድዩ ወዲያ ግን ያቺ አንድ ኩርባ አለች።
ሞተሯ ቀጥ ብላ ልትሄድ አማራት፤
«ተኚ» ቢሏት የማትተኛ ሕፃን ሆነች።
መሪውን ገፋ። አሻፈረኝ አለች።
ከፊታችን የበርች ዛፎች፣
ነጭ ነጭ፣ እየቀረቡ።

ቀድሜ ያጋደልኩት እኔ ነኝ።
ትከሻዬን ወደ ውስጥ ጣልኩት፣
ከዚያ የሱ ትከሻ፣ ከዚያ እሷ፣
መጨረሻ ላይ፣ እያጉረመረመ፣ ጎማው።

ነዳጅ ማደያው ጋ ራስ ቁሩን አወለቀ።
«ዞረች» አለ።
«ዞርን» አልኩት።

ማታ፣ ፀሐይዋ መጥለቅ ረስታ ሳለች፣
ጋራዥ ውስጥ ተንበርክኮ አገኘሁት።
ወረቀቶቼን ራሱ እየከተተ ይቆጥራል፣
ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።
የመጨረሻዋ ጠርዟ ጠቁሮ ወጣ፤
ፀጉር የምታህል መስመር።
አየኝ። አየሁት።
«ነገ አንድ ሮንዴላ» አለ።

ወረቀቷን አጥፌ ኪሴ ከተትኳት።
አሮጌው ጎማ ከግንቡ ተደግፏል፤
መሀሉ መላጣ፣
ጠርዙ ላይ ያለው ፀጉር
እስካሁን መሬት አልነካም።